ሂተሩ ይነሳል፣ ይጠፋል፦ የጋዝ ፈርነስ ለምን ያመነታል?

ባለፈው ጥር ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። «ሂተሩ አብዶብኛል» አለኝ። ይነሳል፣ ትንሽ ያሞቃል፣ ይጠፋል። ቆይቶ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ልጆቹ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበው ተኝተዋል። እሱ ቀን ላይ አዲስ ቴርሞስታት፣ ሂተሩን የሚያዘውን የግድግዳ መቆጣጠሪያ፣ ገዝቶ ገጥሞ ነበር። ምንም ለውጥ የለም። አሁን የሚጠይቀኝ «ቀጥሎ ምን ልግዛ?» ብሎ ነው።

ምንም አትግዛ አልኩት። ወንበር ያዝና ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ማለቴ ነው፣ ውረድ። ስልኩን ግን እንዳትዘጋው።

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። የገዛ ቤቴ ፈርነስ፣ ያው ሂተሩ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ስላስተማረኝ ነው ይህን ያህል የምደፍረው። ካስተማረኝ ነገር ትልቁ ይሄ ነው፦ እየተነሳ የሚጠፋ ፈርነስ ብዙውን ጊዜ አቅም አንሶት አይደለም የሚቆመው። ውስጡ ካሉት ጠባቂዎች አንዱ «አቁም» ብሎት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» አይደለም። «ማን ነው ያስቆመው?» ነው። መልሱ ደግሞ የሚገኘው በሰከንድ ቆጠራ ነው።

ለመሆኑ ፈርነስ ውስጥ ምን አለ?

አሜሪካና ካናዳ ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በዚህ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ቤዝመንት ወይም አንድ ቁም ሳጥን የመሰለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ጋዝ ያነዳል፣ አየር ያሞቃል፣ የሞቀውን አየር በቱቦ ወደ ክፍሎቹ ይነፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የምንተነፍሰው አየርና እሳቱ አይገናኙም። ድስት አስቡ። ወጡ ከውስጥ፣ እሳቱ ከውጭ፣ መሃላቸው ብረት። ፈርነስ የተገለበጠ ድስት ነው ማለት ይቻላል። እሳቱና ጭሱ በብረት ክፍሎች ውስጥ ያልፋሉ፣ የቤቱ አየር ደግሞ ብረቱን ከውጭ ዳብሶ ይሞቃል። ያ ብረት ሂት ኤክስቼንጀር ይባላል። ሙቀቱ ይሻገራል፣ ጭሱ አይሻገርም። ጭሱ በራሱ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል።

ያ ብረት ከተሰነጠቀ ወይም ጭሱ መውጫ ካጣ ነገሩ ወደ ሕይወት ጉዳይ ይዞራል። ፈርነስ ይህን ያህል ጠባቂ የበዛበት ለዚህ ነው።

«አብራ» ከተባለ በኋላ ምን ይከተላል?

አገር ቤት በአውቶቡስ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ኬላ ያውቃል። አንዱን ኬላ ሳታልፍ ሁለተኛው ጋ አትደርስም። ፈርነስም እንደዚያው ነው።

ቴርሞስታቱ ቤቱ መቀዝቀዙን ያያል፣ ለፈርነሱ መልእክት ይልካል። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የእሳት አይደለም። የአንዲት ትንሽ ሞተር ጉርምርምታ ነው። ኢንዱሰር ትባላለች። ሥራዋ ጭስ መሳብ ነው። ከእሳቱ ቀድማ የምትነሳው ውስጥ የቀረ ጋዝ ካለ ጠርጋ ለማስወጣት፣ መውጫውም ክፍት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አጠገቧ የጎማ ቱቦ የተሰካባት ክብ ነገር አለች፤ ፕሬዠር ስዊች። «አዎ፣ ስቧል፣ መንገዱ ክፍት ነው» ብላ የምታሳልፈው እሷ ነች።

ቀጥሎ ኢግናይተሩ ይግላል። እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ብርቱካናማ ይሆናል። ሲግል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የጋዙ በር ተከፈተ ማለት ነው። ወዲያው «ቡፍ» ብሎ ሰማያዊ እሳት ይነሳል። አሁን ፍሌም ሴንሰር የሚባል ቀጭን የብረት ዘንግ እሳቱ መኖሩን ይመሰክራል። ትልቁ ማራገቢያ ግን ገና ዝም እንዳለ ነው። ብረቱ እስኪሞቅ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ቶሎ ቢነሳ ብርድ ነው የሚነፋባችሁ።

ቤቱ ሲሞቅ እሳቱ ይጠፋል። ማራገቢያው ግን ብረቱ ላይ የቀረውን ሙቀት ለመልቀም አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ይሄ ጤናማ ነው።

በጣም አሮጌ ፈርነስ ከሆነ ኢግናይተር የለውም፤ ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ የፓይለት እሳት ነው ያለችው። የተቀረው ታሪክ ያን ያህል አይለያይም።

ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

እሳቱ «ቡፍ» ይላል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። እንደገና ይጠፋል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሌም ሴንሰሩ ነው።

ይህ ዘንግ እሳቱን እንዴት እንደሚያውቅ ሳነብ በጣም ነበር የገረመኝ። ሙቀት እየለካ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እሳት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዘንጉ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በእሳቱ ውስጥ አልፎ ወደ ብረቱ አካል ይሄዳል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚለካው በማይክሮአምፒር፣ ማለትም በአምፒር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ደህና የሚሠራ ዘንግ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮአምፒር ብቻ ይገኛል። ፈርነሱን የሚመራው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያቺን ጭላንጭል ካላገኘ «ጋዝ ከፍቻለሁ፣ እሳት ግን የለም» ብሎ ይደመድማል። ያልነደደ ጋዝ ቤት ውስጥ ከሚጠራቀም ብሎ በሩን ይዘጋል።

ዘንጉ በጊዜ ብዛት ስስ ሽፋን ያበጃል። አንዳንዴ ነጣ ያለ ነው፣ አንዳንዴ በዓይን እንኳ አይታይም። ያ ሽፋን ኤሌክትሪኩን ያግዳል። እሳቱ እየነደደ ሰሌዳው አያየውም። ምስክሩ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል እንበል።

ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ፈርነሱ ያኮርፋል። ብዙዎቹ ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተቆልፈው ይቆዩና እንደ አዲስ ይሞክራሉ። «ሌሊት ጠፍቶ ነበር፣ ጠዋት ራሱ ተነሳ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ብሬከሩን አጥፍቶ ሲያበራ «ዳነልኝ» የሚልም አለ። አልዳነም። ኩርፊያውን ነው ያስረሳው።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩን ታጠፋላችሁ። ፈርነሱ ላይ ወይም አጠገቡ ግድግዳ ላይ የአምፖል ማብሪያ የመሰለ ስዊች አለ። የጋዙንም ቧንቧ ትዘጋላችሁ። ዘንጉ የተያዘው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብሎን ነው። አውጥታችሁ የብረቱን ክፍል ብቻ በረቂቅ የብረት ሱፍ፣ ወይም ድስት በሚታጠብበት ሻካራ ስፖንጅ በደረቁ ለስለስ አድርጋችሁ ትፈትጋላችሁ። ሸካራ የአሸዋ ወረቀት ይቧጭረዋል። ታቹ ያለው ነጭ ሸክላ ከተሰነጠቀ ደግሞ ዘንጉ አለቀለት። አጠገቡ ያለውን ኢግናይተር በእጃችሁ አትንኩት፤ እንደ ሲኒ ጆሮ ነው የሚሰበረው። እጄ አይታመንም የሚል ሰው ቴክኒሻን ይጥራ፤ ለቴክኒሻን አጭር ሥራ ነው።

ጥቂት ደቂቃ አሙቆ የሚጠፋውስ?

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ፈርነሱ ፊት ተቀምጦ በስልክ ይነግረኛል። ኢንዱሰሩ ተነሳ። እሳቱ ተነሳ። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ... አለ። ስለዚህ ፍሌም ሴንሰሩን ነፃ አወጣነው። ትልቁ ማራገቢያ ተነሳ። ደህና። ከዚያ አራት ደቂቃ ገደማ ላይ «ቀጭ» አለና እሳቱ ጠፋ። ማራገቢያው ግን መንፋቱን ቀጠለ። ቴርሞስታቱ ላይ ቤቱ ገና 61 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ የተጠየቀው 70።

ይሄ ሌላ ጠባቂ ነው፤ ሊሚት ስዊች። የፈርነሱን የውስጥ ሙቀት ይጠብቃል። ውስጡ ከልክ በላይ ሲግል እሳቱን ያስጠፋል፣ ማራገቢያውን ግን እንዲያቀዘቅዝ ይተወዋል። ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። እንደገና ይግላል፣ እንደገና ይጠፋል። ቤቱ በርዶ ፈርነሱ በሙቀት ተጨነቀ ማለት ነው። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ግን ልክ ነው። ሙቀቱ አለ፣ ወደ ክፍሎቹ የሚወስደው አየር ነው ያነሰው።

አየር ለምን ያንሳል? ዘጠኝ ጊዜ ብትጠይቁኝ ዘጠኝ ጊዜ መጀመሪያ ፊልተሩን እዩ እላለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ፈርነሱ ሲመለስ በፊልተር ያልፋል። አቧራ፣ የምንጣፍ ብናኝ፣ የድመት ፀጉር እዚያ ይቀራል። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ተራ ፊልተር ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። ክረምት ሙሉ ያልተቀየረ ፊልተር ሲወጣ ግራጫ ብርድ ልብስ ይመስላል።

ጓደኛዬ ግን «ፊልተሩን እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የቀየርኩት» አለኝ። የተጻፈበትን አንብብልኝ አልኩት። ሜርቭ 13። ለልጁ አለርጂ ብሎ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን አንስቷል። ሜርቭ የፊልተር የማጣራት አቅም መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር የሚይዘው አቧራ ይረቃል። ቀጭን ፊልተር ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን አየሩም ለማለፍ ይቸገራል። ጥቅጥቅ ባለ ነጠላ አፍንጫን ሸፍኖ ዳገት እንደመውጣት ነው። አንዳንድ ፈርነስ ይችለዋል፤ የእሱ አልቻለም።

በዚያ ላይ ሳሎን ያለው ትልቁ የአየር መመለሻ ቀዳዳ፣ ሪተርን የሚባለው፣ በአዲሱ ሶፋ ጀርባ ተዘግቶ ነበር። መኝታ ቤቶቹን ደግሞ «ማንም በሌለበት ለምን ይሞቃል» ብሎ የሁለቱን ቬንት፣ የሞቀው አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ፣ ዘግቷል። ይሄኛው የብዙዎቻችን ጥፋት ነው። ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል። ፈርነሱ ግን የሚያነደው ጋዝ ያው ነው፤ የሚወጣበት በር ነው የጠበበበት።

ፊልተሩን አውጥቶ ለዚያች ሌሊት ያለ ፊልተር አስነሳው። ቬንቶቹን ከፈተ። ሶፋውን ብቻውን ገፋ፤ ሲጎተት በስልክ ይሰማኛል። ፈርነሱ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሳይቋረጥ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። ተኝቶ ነው መሰለኝ።

ይህን የሙቀት መቆራረጥ «ይሠራል እኮ» ብሎ ወራት ማሳለፍ ጥሩ አይደለም። በየጊዜው ከልክ በላይ የሚግል ብረት በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ፊልተሩ ደህና ሆኖ፣ ቬንቱ ሁሉ ተከፍቶ አሁንም ከጠፋ የማራገቢያው ሞተር ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በላዩ ያለው የኤሲ ክፍል በአቧራ ተደፍኖ። ያ የቴክኒሻን ሥራ ነው።

ያጉረመርማል እንጂ እሳቱ ጭራሽ አይነሳም፤ ያኔስ?

ኢንዱሰሯ ተነስታ ኢግናይተሩ ካልጋለ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬዠር ስዊቹ ጋ ነው የተያዘው። ጭሱ በደንብ አልተሳበም ማለት ነው።

ውጭ ውጡና ቱቦዎቹን እዩ። አዳዲሶቹ ፈርነሶች ከግድግዳው ጎን የሚወጡ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሏቸው። በረዶ ነፍሶ ሲከምር አፋቸው ይዘጋል። ወፍ ጎጆ የሠራበትም ይገኛል። በረዶውን በእጅ መጥረግ በቂ ነው።

ሌላው ውኃ ነው። እነዚህ አዳዲሶቹ ከጭሱ ሙቀቱን አሟጥጠው ስለሚወስዱ በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። ውኃው በቀጭን ቱቦ ወደ ወለል ማፍሰሻ ይወርዳል። ቱቦው ከተደፈነ፣ ከታጠፈ ወይም ብርድ ባለበት አልፎ በረዶ ከሠራ ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ጠባቂውን ያስቆመዋል። ውስጡ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማችሁ ምልክቱ እሱ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝተው ሲያልፉት የሚያሳዩ አሉ። አታድርጉት። ጭሱ የት እንደሚሄድ የሚጠይቀውን ብቸኛ ዘበኛ ማሰናበት ነው።

ጥፋቱ የፈርነሱ ባይሆንስ?

ሁለት ነገር ከሁሉ በፊት እዩ። ቴርሞስታቱ ላይ ፋን የሚለው ምርጫ «ኦን» ላይ ከሆነ ማራገቢያው እሳት ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ይነፋል። መሃል መሃል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ሰው ሂተሩ የጠፋ ይመስለዋል። «ኦቶ» ላይ መልሱት። ሁለተኛው ባትሪ ነው። ባትሪው የደከመ ቴርሞስታት አንዴ ይጠይቃል፣ አንዴ ይረሳል።

ከመጀመሪያዎቹ የቤት ማሞቂያ ቴርሞስታቶች አንዱ የተሠራው እዚያው ጓደኛዬ የሚኖርበት ሚኒሶታ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ አልበርት ቡትስ የሚባል ሰው ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ቤት ሲቀዘቅዝ የከሰል ምድጃውን የአየር በር የሚከፍት መሣሪያ ሠራ። ያኔም አሁንም ሥራው አንድ ነው፦ «በርዷል» ወይም «ይበቃል» ማለት። ስለዚህ የተሰቀለበት ቦታ ይወስነዋል። ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ቬንት የሚነፋበት ወይም ወጥ ቤት አጠገብ ያለ ቴርሞስታት «ይበቃል» የሚለው ከሰው ቀድሞ ነው።

በነገራችን ላይ መነሳትና መጥፋት ሁሉ በሽታ አይደለም። በብርድ ቀን በሰዓት ሦስት አራት ጊዜ፣ በየተራው አሥር ደቂቃ ገደማ መሥራት የተለመደ ነው። ቤቱን የፈለጋችሁት ድረስ አድርሶ ከጠፋ ተዉት።

ብልጭ ድርግም የምትለዋ መብራት ምን እያለች ነው?

የፈርነሱ በር ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ከኋላዋ መብራት። በርካታ ፈርነሶች ያስቆማቸውን ጠባቂ በብልጭታ ቁጥር ይናገራሉ። ትርጉሙ በሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩ እንደ ሠሪው ስለሚለያይ የራሳችሁን አንብቡ። ኤሌክትሪኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ቁጠሯት፣ አንዳንዱ ሲጠፋ ይረሳዋልና። በሩ ተመልሶ በደንብ ካልገጠመም ፈርነሱ አይነሳም፤ እዚያም አንድ ስዊች አለ።

እጄን መሰብሰብ ያለብኝ መቼ ነው?

የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ መብራት ሳታበሩ፣ ሳታጠፉ፣ ሰው ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። ስልክ የሚደወለው ውጭ ሆኖ ነው፤ ለ911 ወይም ለጋዝ ድርጅቱ። የተፈጥሮ ጋዝ የራሱ ሽታ የለውም። ሽታው የሚጨመርበት ሆን ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ቴክሳስ ኒው ለንደን ውስጥ ያልሸተተ ጋዝ አንድ ትምህርት ቤት አፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ከሞቱ በኋላ ነው ሽታ መጨመር ግዴታ እየሆነ የመጣው።

ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን አይሸትም። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፦ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ገዳዩ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከእሳት አደጋ ጋር ባልተያያዘ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዘና ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ ጉንፋን አትበሉት። ሰማያዊ መሆን የነበረበት እሳት ቢጫ ሆኖ ከታየ አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ቤት አጠገብ ይኑር። እሱም ዕድሜ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ብርድ ሲጠናም ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ።

ተከራይ ብሆንስ? ቴክኒሻን ስጠራስ ምን ልበል?

ተከራይ ፈርነስ መክፈት የለበትም። አከራዩን በጽሑፍ፣ በቴክስትም ቢሆን፣ አሳውቁ፤ የቴርሞስታቱን ፎቶ ከሰዓቱ ጋር ያዙ። ሚኒሶታ ከ2024 ጀምሮ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 አከራይ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ 20 ሴንቲግሬድ ማለት ነው፣ እንዲያሞቅ በሕግ ታዟል። ሌሎች ከተሞችና ስቴቶችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ደግሞ ሊሂፕ የሚባለውን የፌዴራል የማሞቂያ ድጎማ ይጠይቅ፤ ብዙ ቦታ የፈርነስ ጥገናንም ይረዳል።

ለቴክኒሻኑ «ሂተሬ አይሠራም» ካላችሁት ከዜሮ ይጀምራል። «ኢንዱሰሩ ይነሳል፣ ኢግናይተሩ ይግላል፣ እሳቱ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል፣ መብራቷ ሦስት ጊዜ ትበራለች፣ ፊልተሩን ትናንት ቀይሬያለሁ» ካላችሁት ግን ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ገና መኪናው ውስጥ ሳለ ያውቃል።